ያልተሟሸው እንስራ

ለውድ እናቴ፣
ፈረስ ቤት

እናታለም፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ? ላሚቱ ወለደች ወይስ እንደ አምናው ስታስጠብቃችሁ ትከርማለች? ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽን ሳልሰማ መክረሜ ከብዶኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ። ከናፍቆትሽና ከጥያቄ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ጥያቄው ደግሞ አብሮኝ የተወለደ ነው፤ ልጅ ሳለሁ በይ አፍሽ ይረፍ፣ ውጪና ተጫወች እያልሽ ስትገላገይው የኖርሽው ነው።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ዲያቆን ስመኘው ነው። የእጮኛዬ የያረጋል ጓደኛ ነው፤ ለአገልግሎት ወደ ደጋ ዳሞት ይወጣል። የታመነ ሰው ስለሆነ አይከፍተውም፤ ምሳ አብልተሽ ሸኚው። አንቺም ለማንም አታስነብቢ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀን ተማሪዎቹን ሲያስተምር ውሎ ማታ አንቺን ፊደል ያስቆጠረሽ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። በርሽን ዘግተሽ፣ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

በቅሬታዬ ልጀምር፤ እሱን ካላወጣሁት ሌላውን መጻፍ አልችልም። ሠርጌ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ነው። አንቺ ግን ሰው ልከሽ ጉልበቴ መንገድ አይችልም፣ ቆላውም አይስማማኝም፣ ምርቃቴን ከዚህ ሆኜ እልካለሁ ብለሻል። እናታለም፣ ፍኖተ ሰላም ከመቼ ወዲህ ነው ቆላ የሆነችው? አምና ለባልንጀራሽ ለሥርጉት ልጅ ክርስትና ያን ሁሉ አቀበት ስትወጪስ በዚሁ ጉልበትሽ ከወጣቶቹ ቀድመሽ አልደረስሽም? ከኮሌጅ ስመረቅ ወንድሜን ላክሽ። ሱቅ ስከፍት ቅቤ ላክሽ። እኔ እዚህ ስኖር እግርሽ አንድ ቀን እንኳ ይችን ከተማ ረግጦ አያውቅም። አሁን ደግሞ እናት እያለኝ ያለ እናት ልዳር ነው። አንዳንዴ እናደዳለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሥራ ፈትቼ አለቅሳለሁ። ለምን እንደማትመጪ ማወቅ እፈልግ ነበር። አሁን ያወቅኩት ይመስለኛል፤ ያወቅኩትም በእንስራ ምክንያት ነው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሱቄን አይተሽው አታውቂምና ላሳይሽ። ወደ ላህ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ዳር ያለች ባለ አንድ በር ክፍል ናት፤ ከጀርባዋ የምንሠራበት ግቢ አለ። የቤት ዕቃ ነው የምንሠራው፤ ሙያው የድሮ ሆኖ መልኩ ዛሬ ሰው ቤት እንዲገባ አድርገን። ሰብሊ የምትባል ልጅ ስንደዶና አክርማ ትሰፋለች፤ የምትሰፋው ግን መሶብ ሳይሆን የአምፖል ልብስ ነው። መብራቱ ሲበራ ብርሃኑ በስፌቱ መሐል እየሾለከ ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል። መጋረጃም እናሸምናለን፣ ጥለቱ ሰማያዊና እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ። ላህ በክረምት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው እኔም አውቃለሁ፤ ግን ጭቃ ቀለም ያለው መጋረጃ ማን ይገዛኛል?

ሰው ከሁሉ የወደደልን እንስራዎቹን ነው። ከታች ቧንቧ አላቸው፤ ውኃ ሞልተሽ ጥላ ውስጥ ታስቀምጫለሽ፣ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ቀዝቃዛ ውኃ ትጠጫለሽ። በውኃዎቻችን ስም ነው የጠራኋቸው። ላህ የሚባለው ሆዱ ረዘም ይላል፤ በጎኑ የሚወርደውን መስመር ድልድዩ ላይ ቆሜ የወንዙን አካሄድ እያየሁ ነው የነደፍኩት። ፈጠም የቡሬውን ወንዝ ስም ይዟል፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር ነው። ምንጭ ያልኩት ደግሞ ራስጌ የሚቀመጥ ትንሹ ነው። ላንቺ የላክሁልሽ ላህ ነው።

ሸክላውን የሚሠሩልን እትየ ወለተ ሐና ይባላሉ። ከማንኩሳ ወዲያ ካለች ጎጥ ነው የሚመጡት። በዕድሜ ካንቺ ትንሽ ከፍ ይላሉ። እጃቸው ወርቅ ነው፣ ምላሳቸው ግን ሚጥሚጣ። የመጀመሪያውን ንድፌን ሳሳያቸው ወረቀቱን ገለባብጠው አይተው፣ ይኸ እንስራ ነው ወይስ ያመማት ዶሮ አሉኝ። ሥራ በጀመርን ሰሞን ያልደረቀ እንስራ ጆሮውን ይዤ ላነሳ ስል ግቢውን በጩኸት አናወጡት። ከሥሩ! ከሥሩ ያዥ! ዕቃ በጆሮው አይነሳም! አሉ። እኔን ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም በንቀት የሳቅኩ መስሏቸው አኮረፉኝ። የሳቅኩት ያን ቁጣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው ነበር። አንቺ ጀሪካኑንም፣ ሳህኑንም፣ የወንድሜን ሕፃንም ሳይቀር ከሥር ካልያዝኩት ትቆጭኝ ነበር። ያን ጊዜ ከዚህ አልፌ አላሰብኩም።

እንስራዎቹ መሸጥ ጀመሩ፣ ደስ አለን። ብዙ ሳይቆይ ግን ገዢው እየተመለሰ መጣ። አልቀዘቀዘም ይሉኛል። ውኃው ለብ ይላል፣ አንድ ዓይነት ጣዕምም አለው ይላሉ። እኔ ግቢያችን ካለው ቀድቼ ሳጠጣቸው ጥርሳቸውን ያማቸዋል። ይኸ ለምን ቀዘቀዘ፣ የእኔ ምነው ይሉኛል። ያው ጭቃ፣ ያው እጅ፣ ያው እሳት ነው፤ ግቢያችን እያለ ጎበዝ የነበረው ዕቃ ሰው ቤት ሲገባ ይሰንፋል። ልጅሽን ታውቂያታለሽ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ምግብ አይበላልኝም።

እትየ ወለተ ሐና ጥፋቱን በውኃው ላይ አላከኩ። የቧንቧ ውኃ መድኃኒት ስላለበት ሸክላ አይወደውም አሉ። ሰብሊ ደግሞ ምንም ሳታስብ፣ ዓይን በልቶት ነው ብላ ተናገረች። ከአፏ እንደወጣ ከማን ፊት እንደተናገረችው ትዝ አላትና ደነገጠች። ስለ ሸክላ ሠሪ ዓይን ሰው የሚለውን እኔ እዚህ አልጽፈውም። እትየ ወለተ ሐና ቀና አላሉም፤ የእንስራውን ሆድ በድንጋይ ማለስለሳቸውን ቀጠሉ። ሰብሊ ያን ቀን ሙሉ የሰፋችውን መልሳ ስትፈታ ዋለች። እኔም ሰብሊን መገሠጽ ሲገባኝ ወሬውን ወደ ውኃው መለስኩት፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ውኃው ነው ከተባለ ውኃውን እንጠይቀው አልኩ። ያረጋል ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ቴርሞሜትር ተውሶ መጣ። አዳዲስ እንስራዎች በረድፍ ደረደርን። በአንዱ የላህን ውኃ፣ በአንዱ የቧንቧውን፣ በአንዱ የጉድጓድ፣ በአንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ምንጭ ሞላን። ያረጋል ቴርሞሜትሩን ከአንዱ ወደ አንዱ እየነከረ ሲዞር የታመመ ልጅ የሚያስታምም ይመስል ነበር። መንገደኛው ሁሉ በአጥር እያየ ምን ልታደርጉ ነው ይለናል። እየቀመስኩ ያየሁትን ብነግርሽ ትስቂያለሽ፤ የላህ ውኃ ቅጠል ቅጠል ይላል፣ የጉድጓዱ ድንጋይ ድንጋይ፣ የምንጩ ግን ምንም አይልም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሲመሽ ሁሉም ቀዝቅዘው ተገኙ። የቧንቧውም ቢሆን እኩል ቀዘቀዘ። እትየ ወለተ ሐና እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ እንግዲያስ ውኃው ከደሙ ንጹሕ ነው አሉ።

ከውኃው ካልሆነ ከቤቱ ነው ብዬ፣ ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት ወደ ቡሬ ሄድኩ። እዚያ ወንዳወቅ የሚባል ሰው ለፔንሲዮኑ ብዙ ፈጠም ገዝቶን ነበር፤ እሱም ካልተስተካከለ ሁሉንም እመልሳለሁ ብሎ ልኮብኛል። ገና ስገባ እንስራዎቼን አላወቅኳቸውም። ጠቁረው፣ አብረቅርቀው፣ የተወለወለ ጫማ መስለዋል። አፍንጫዬን ወደ አንዱ አፍ አስገባሁ፤ የተልባ ሽታ መጣብኝ። ወጥ ቤት የምትሠራውን ፋናዬን ጠየቅኳት። እሷ እቴ በኩራት ነው የነገረችኝ፤ ተልባ አፍልቼ ሞላሁባቸው፣ ከዚያ በጎመን ዘር ቀባኋቸው፣ ከዚያ እሳት አሳየኋቸው፣ ደግሜ ቀባኋቸው፣ እንዲህ አድርጎ ያሟሸ የለም አለች። እኔ መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ስስቅ አበደች ብላ ወንዳወቅን ጠራችው።

እናታለም ገባሽ አይደል? ለእንስራ ላቡ ነው ሥራው። ውኃው በሸክላው ቀዳዳ እየሰረገ ላዩ ላይ ሲወጣና ነፋስ ሲያደርቀው ነው ውስጡ የሚቀዘቅዘው። በዘይት ከደፈንሽው አያልብም፤ ካላላበ ድስት ነው። ተመልሼ የከተማውን ገዢዎች ቤት ለቤት ስጠይቅ ሁሉም አሟሽተውታል። አንዷ በቅቤ፣ አንዷ በጎመን፣ አንዷ እናቷን ከገጠር አስመጥታ። ምን ያድርጉ? ውኃ በጀሪካን ከሆነ ስንት ዘመኑ ነው፤ ሸክላ ሲባል የሚያውቁት ድስትና ጀበና ነው፤ አዲስ ሸክላ ቤቷ ገብቶ ሳታሟሽ የምታድር ባለሙያ ሴት ደግሞ በጎጃም የለችም። እንዳይበላሽ ብለው ነው ያበላሹት። ያረጋል እንዳይሟሽ ብለን አንገቱ ላይ ጽፈን እናንጠልጥል አለ፤ አደረግነው። ለወንዳወቅም አዲስ ሠራንለት። ነገሩ አለቀ ተባለ።

እኔ ዘንድ ግን አላለቀም። ያንቺ እንስራ ትዝ አለኝ።

አንቺ ሁሉን የምታሟሺ ሴት ነሽ። የአልሙኒየም ድስቱን ሳይቀር በጎመን ዘር ቀብተሽ ቤቱን ጢስ በጢስ ያደረግሽውን ወንድሜ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ለመስቀል ስመጣ ግን እንስራሽ አልተሟሸም። ከበሩ ኋላ፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ በተሰበረ ሳፋ እርጥብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ላዩ አያብረቀርቅም፤ ግራጫ ሆኖ ያልባል። ውኃው ጥርሴን አሳመመኝ። እንዴት እንዲህ ቀዘቀዘ ስልሽ፣ ደጋ ስለሆነ ነው አልሽኝ። ያረጋልም ይህን ስነግረው ደጋ ስለሆነ ነው አለኝ። እኔ ግን ያኔውኑ አጠገቡ ካለው ጀሪካን ቀድቼ ቀምሻለሁ፤ ያው ደጋ ላይ ሆኖ የጀሪካኑ እንደ እሱ አልነበረም።

ከዚያ አመዱ ሐሳቤ ላይ መጣብኝ። እንስራውን በሰው እጅ ልልክልሽ ስል፣ ስልክ ገና ይሠራ በነበረ ጊዜ፣ ደውለሽ ከተተኮሰበት እሳት አመድ ትንሽ ቋጥረሽ ላኪልኝ አልሽ። ለምንሽ ነው ስልሽ ለጎመኔ አልሽኝ። እኔ ሞኟ አምኜ ቋጥሬ ላክሁ። የኩበት አመድ ፈረስ ቤት ጠፍቶ ነው እንዴ ከፍኖተ ሰላም የሚጫነው? ሁሉን ስጠይቅ እየዋልኩ ይህን አልጠየቅኩም።

ታዲያ እትየ ወለተ ሐናን፣ ለገዢ ምን ብለን እንንገር፣ አዲስ እንስራ እንዴት ነው የሚያዘው አልኳቸው። እጃቸው ከጭቃው ሳይወጣ መለሱልኝ። ከተተኮሰበት አመድ ሆዱን ውስጥና ውጭ ታሺዋለሽ፤ ሌላ አመድ አይሆንም፤ ውኃ ሞልተሽ አሳድረሽ ትደፊዋለሽ፤ ከዚያ እርጥብ አሸዋ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ታስቀምጭዋለሽ፤ ቅባት የሚባል አታስነኪው አሉኝ። ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም አልኳቸው። ሳቁብኝ። እኛ ሸጠን እንሄዳለን እንጂ ከገዢ ጋር መች ቆመን እናወጋለን፤ ማን ያቆመናል? ይኸ የቤታችን ነው፤ እናታችን ለእኔና ለታናሼ ያሳየችን ነው አሉ። ታናሻቸው የት እንዳሉ ጠየቅኳቸው። በልጅነቷ ገበያ ወጥታ፣ አንድ የደጋ ሰው፣ አስተማሪ፣ ወዷት ወሰዳት፤ እኛን አትፈልጉኝ ብላ ላከች፤ ደህና ከሆነች ይበቃኛል አሉ። ያን ጊዜ ድምፃቸው ውስጥ ሚጥሚጣው አልነበረም።

እኔም፣ እናቴም ለእንስራዋ ይህንኑ አመድ አስልካኝ ነበር አልኳቸው። እጃቸው ቆመ። እናትሽ የየት አገር ሰው ናት አሉኝ። ከሽንዲ ማዶ ነኝ፣ ዘመድ የለኝም ትላለች አልኳቸው። ትላለች? አሉኝ። ስምሽን አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። የአባታቸውን ስም ግን ጠየቅኳቸው። ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠይቄ አለማወቄ አሳፈረኝ። ነገሩኝ። የአያታቸውንም፣ ከዚያም በላይ ያሉትን እየቆጠሩ ነገሩኝ፤ እኔም በቃሌ እስክይዘው ድረስ ደጋግሜ አልኩት።

እናታለም፣ የፈረስ ቤት ገበያ ትዝ ይለኛል። ሸክላ ተራው ጋ ስንደርስ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ስበሽ እጄን እየጎተትሽ በፍጥነት ታሳልፊኝ ነበር። ሌሎቹ ሴቶችም እንዲያ ያደርጉ ስለነበር አንቺም እንደ እነሱ የሰዎቹን ዓይን የምትፈሪ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የፈራሽው መታየትን ሳይሆን መታወቅን ይመስለኛል። ፍኖተ ሰላምም ቆላ የሆነችብሽ ለዚሁ ነው። የማንኩሳ ሰው ገበያ የሚወጣው እዚህ ነው፤ አማቾቼ ደግሞ የቤተ ክህነት ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው አይቶኝ የልጄን ትዳር ያፈርስባታል ብለሽ ነው አይደል የቀረሽው? እኔ እናቴ ጨከነችብኝ እያልኩ ሳማሽ፣ አንቺ ለእኔ ብለሽ ሠርጌን ልታጪ። ይህ ሲገባኝ ያለቀስኩትን አልነግርሽም። መልስ እንድትሰጭኝ አልጠይቅሽም፤ በሕይወቴ የማልጠይቀው ጥያቄ ቢኖር ይኸ ነው።

አሁን ደግሞ ያደረግኩትን ልንገርሽ፤ ትቆጭኛለሽ።

የያረጋል አባት መሪጌታ ገብረሰንበት እንደ ወጉ ወገኔን ሊያስቆጥሩኝ ለማዕድ ጠሩኝ። በአባቴ በኩል ጨረስኩ። በእናትሽ በኩልስ እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪ አሉኝ። ባንተአምላክ ብዬ ጀመርኩ። አንቺ የሰጠሽኝ ስም እሱ ብቻ ነው፤ ሁሉን ስትደብቂ የአባትሽን ስም አለመቀየርሽን እወድልሻለሁ። ከዚያ በላይ ያሉትንም አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው። መሪጌታ ተገርመው፣ እናትሽ ይህን ሁሉ አታውቅም አልተባለም እንዴ፣ ከማን ተማርሽው አሉኝ። ከእትየ ወለተ ሐና አልኩ። ሸክላ ሠሪዋ? አሉኝ። አዎን፣ የባንተአምላክ ልጅ፤ እናቴ ካልመጣች በእሷ ወንበር የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው አልኩ። ያረጋል አጠገቤ ነበር፤ ቀድሜ ነግሬው ስለነበር እጄን ያዘኝ። መሪጌታ ማዕዱን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ።

ቀናት አለፉ፣ ድምፃቸው ጠፋ። ያረጋል አባቴ ቢመጣም ባይመጣም አገባሻለሁ ይለኛል፤ እኔ ግን ልጅን ካባቱ አጣልቼ የምቆመው ሠርግ አስጠላኝ። አንድ ከሰዓት መሪጌታ ራሳቸው ግቢያችን በር ላይ ቆሙ። ግቡ ስላቸው አልገቡም። እትየ ወለተ ሐናን ከሩቅ ሲያዩዋቸው ቆዩና የት ደብር እንደተጠመቁ ጠየቁ። እሳቸውም ሥራቸውን ሳያቋርጡ ተናገሩ። ለካ መሪጌታ ቅኔ የተማሩበት ደብር ነው። እትየ ወለተ ሐናም፣ ያኔ ለተማሪዎቹ ውኃ መጠጫውን ማን ይሠራ የነበረ ይመስልዎታል አሏቸው፤ ሚጥሚጣው ተመልሷል። ከዚያ መሪጌታ ገቡና ዱካ ስበው ተቀመጡ፤ ውኃ ስጡኝ አሉ። እኔ ለመቅዳት ስነሳ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጡኝ። እትየ ወለተ ሐና ተነሥተው፣ ታጥበው፣ ቀድተው ሰጧቸው። ጠጡ። ደግመው ለመኑ። ሲወጡም የወለተ ሐና ወንበር ከባለቤቴ ከወለተ ኢየሱስ ጎን ይሁን አሉኝ። አልዋሽሽም፣ የወለተ ኢየሱስ ፊት ገና አልተፈታም፤ ሰላም ሲሉኝ እንኳ ወዲያ እያዩ ነው። እሳቸውንም ጊዜ ይፈታቸዋል፤ ባይፈታቸውም ሠርጉ አልቀረም።

ምስጢሬን አወጣሽብኝ ትይኝ ይሆናል። ያንቺን አላወጣሁም፤ የራሴን ወገን ነው የቆጠርኩት። ካጠፋሁ ተቆጭኝ፤ ግን መጥተሽ ተቆጭኝ። የምትፈሪው ነገር ተነግሮ አልፏል፣ እኔም አልሞትኩም። መንገዱን እንዳታስቢ፤ ዲያቆን ስመኘው ሲመለስ አብሮሽ ይወርዳል። ወንድሜም እስከ መኪናው ያደርስሻል። ወንበሮቹን ሁለት አድርጌ አስይዣለሁ።

እዚህ ያለው ሁሉ ሰላም ይልሻል። ያረጋል ጉልበትሽን ይስማል። ሰብሊ ቤትሽ የሚሰቀል የአምፖል ልብስ እየሰፋችልሽ ነው። እትየ ወለተ ሐናም ሰላም ብለውሻል። ደብዳቤ ልጽፍልሽ መሆኑን ነግሬ፣ ምን ልበልልዎ አልኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ አሉኝ። ቆሎ ስትበላ አሁንም ሽንብራውን እየለቀመች ለሰው ትሰጣለች ወይ? አሉ። ያንቺን መልስ እስካገኝ አላስጠበቅኳቸውም። አዎ፣ ለእኔ ነው የምትሰጠው፤ እኔ ያደግኩት በዚያ ሽንብራ ነው አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለስ አድርገው፣ ድሮ የኔ ነበር አሉ።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በጤና፣ በሰላም አድርሶ ያገናኘን። አሜን።

ጥር እስኪገባ በር በሩን የምታይ
ልጅሽ፣
ፍኖተ ሰላም